መምራትና ማስኬድ
በሥራ ቦታ የመሪነትና የሥራ አስኪያጅነት ልዩነት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን ያስታውሰዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በሚገኘው በዚህ በር፣ መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ የተሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ያመራል። ከላይ ጉምና ብርድ፣ ገብስና የበግ ፀጉር ባና ነው፤ ከታች ሙቀት፣ ማሽላ፣ ማሾና የሽንኩርት ማሳ ነው። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፣ አንድ የጭነት መኪና 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ነው።

ይህን ቁልቁለት የለመደ ሹፌር ከዋሻው ከመውጣቱ ማርሹን ያከብዳል፤ ፍሬኑን አስቀድሞ ይፈትሻል፤ እጁን ከመሪው አያነሣም። በቋንቋችን የመኪናውን አቅጣጫ የሚወስነው ዕቃ «መሪ» መባሉ ለዛሬው ትምህርታችን ጥሩ መነሻ ይሆነናል። መሪ ያለው፣ ነገር ግን ፍሬንና ማርሽ የሌለው መኪና ገደል ይገባል፤ ፍሬኑና ማርሹ ደኅና ሆኖ መሪው የተሰበረበትም እንዲሁ የትም አይደርስም። በመሥሪያ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በክሊኒክም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርም ያለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። እነዚህን ሁለት ኃላፊነቶች ለይቶ ማወቅና ሁለቱንም በአንድነት መያዝ እንዴት እንደሚቻል በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት እንሞክራለን።

1. ቃላቱ ራሳቸው ምን ይነግሩናል?

«መራ» ማለት ፊት ሆኖ መንገድ ማሳየት ነው። ዐይነ ስውሩን እጁን ይዞ የሚሄድ ሰው መሪ ይባላል፤ ዕውቀቱና እምነቱ እንጂ ማዕረጉ አይጠየቅም። «አስኪያጅ» ደግሞ «አስኬደ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ እንዲሄድ የሚያደርግ ማለት ነው። ሥራ አስኪያጅ የተጀመረው ሥራ እንዳይቆም፣ ዕቃው እንዳይጎድል፣ ደመወዙ በጊዜው እንዲከፈል የሚያደርግ ሰው ነው። «አስተዳደረ» የሚለውም ቃል ከ«አደረ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ አባወራ ቤተሰቡን ያስተዳድራል ስንል ቤተሰቡ በልቶና ጠጥቶ በሰላም እንዲያድር ያደርጋል ማለታችን ነው። «መተዳደሪያ» የሚለው ቃል ኑሮ የሚገፋበትን ገቢም፣ አንድ ማኅበር የሚመራበትን ደንብም የሚያመለክተው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ በዘመናችን ቃላቱ ተደበላልቀዋል። «ማኔጅመንት» የሚባለውን ትምህርት ብዙ ጊዜ «ሥራ አመራር» እያልን እንጠራዋለን፤ «አመራር» ስንል ደግሞ አንድን ተግባር ሳይሆን በወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው መጥራት ለምደናል። «አመራሩ ስብሰባ ላይ ነው» ሲባል ማንም አይደነቅም። የሹመት ደብዳቤ የተቀበለ ሁሉ በዚያው ዕለት መሪ ሆነ ተብሎ ሲታሰብ፣ መሪነት በሥራ የሚገኝ መሆኑ ይረሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሥራ አስኪያጅነት ከላይ በደብዳቤ ይሰጣል፤ መሪነትን ግን የሚሰጡት የሚከተሉት ሰዎች ናቸው።

2. የሊቃውንት አስተያየት

ሥራን ስለ ማስተዳደር በሥርዓት ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ አንሪ ፋዮል ነው። ፋዮል አንድ ትልቅ የማዕድን ኩባንያ ለረጅም ዓመታት ካስተዳደረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራው የአስተዳዳሪን ተግባር በአምስት ከፍሎ አስቀመጠ፤ እነዚህም ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቆጣጠር ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ በማኔጅመንት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

መሪና ሥራ አስኪያጅ አንድ ናቸውን? የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያነሣው የሐርቫርዱ መምህር አብርሃም ዛሌዝኒክ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1977 ነበር። እርሱ እንደሚለው ሁለቱ በጠባያቸውም፣ ለሥራና ለሰው ባላቸው አመለካከትም ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ኮተር ጉዳዩን ይበልጥ አብራራው። በኮተር አስተያየት ማኔጅመንት ውስብስብ የሆነን ሥራ በሥርዓት ለመያዝ የሚያስፈልግ ነው፤ ዕቅድና በጀት ያወጣል፣ ሰው ይመድባል፣ ይቆጣጠራል፣ ችግር ይፈታል። መሪነት ግን ለውጥን ለመቋቋም የሚያስፈልግ ነው፤ አቅጣጫ ያመለክታል፣ ሰዎችን በዚያ አቅጣጫ ያሰልፋል፣ ልባቸውን ያነሣሣል። ኮተር አንዱን ከሌላው አላስበለጠም፤ አንድ ድርጅት ሁለቱንም አጣምሮ ካልያዘ እንደማይጸና ነው ያስረዳው።

ይህን ማስታወስ የሚገባን፣ ከእነዚህ ጸሐፊዎች ወዲህ በየሥልጠናው መሪን ማወደስና ሥራ አስኪያጅን ማናናቅ የተለመደ ስለ ሆነ ነው። ደመወዙ ወር አልፎት የሚደርሰው የጥበቃ ሠራተኛ ስለ ራእይ የሚነገረውን ቃል በምን ጆሮው ይሰማዋል? በእኛ አገር ሁኔታ ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ መድኃኒትን በወቅቱ ማዘዝ፣ የሠራተኛን ፋይል በትክክል መያዝ የመከባበር የመጀመሪያው ምልክት ነው።

3. የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ

ልዩነቱን ከመጽሐፍ ይልቅ በሥራ ላይ ማየት ይሻላል። በቆላው አገር የሚገኝ፣ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ በቅርብ እናውቅ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሥራውን የሚያከብርና እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ነበር። በመዝገቡ ላይ አንዲት ፍሬ ክኒን አትጎድልም። የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ ሰዓት ራሱ ይመዘግባል፤ የመድኃኒት ክፍሉም ቁልፍ ከኪሱ አይወጣም።

አንድ ጊዜ ይህ ኃላፊ ለስብሰባ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። በዚያው ሌሊት አንዲት እናት በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፋ ደረሰች። ተረኛዋ ነርስ ምን እንደሚያስፈልገው ታውቃለች፤ መድኃኒቱም ከግድግዳው ወዲያ አለ። ሸምገል ያሉት ዘበኛ «ሲስተር፣ ጓጉንቸሩን እንስበረው» አሏት። እርስዋም ጥቂት አስባ «ጋሼ፣ ነገ ማን ይመሰክርልኛል?» አለች። ሕፃኑ በሚያልፍ የጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በእግዚአብሔር ቸርነትም ተረፈ። ኃላፊው ከስብሰባው ሲመለስ መዝገቡን ቆጠረ። መዝገቡ ትክክል ነበር።

ከጊዜ በኋላ ያ ኃላፊ ተዛወረና ሌላ ተተካ። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ሰው ወዳድ ነበር። ከሠራተኛው ጋር ቡና ይጠጣል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ሐዘን ይደርሳል፤ ቁልፉንም ለተረኞቹ አስረከበ። ሠራተኛው ሁሉ ፊቱ በራ። ነገር ግን በየጊዜው መሞላት ያለበትን የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ «ነገ» እያለ አሳደረው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወራት የመድኃኒት ክፍሉ በር ተከፍቶ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ሰው መድኃኒቱን ጠብቆ ሰዎቹን አላሰበም፤ ሁለተኛው ሰዎቹን ወድዶ መድኃኒቱን አሳጣቸው። ለታማሚው ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ መድኃኒት አልደረሰውም።

ምን ቢደረግ ይሻል ነበር? ከማኔጅመንት በኩል የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ተረኛው በድንገተኛ ጊዜ ምን ማውጣት እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ወረቀት፣ ቅጹም በቀኑ እንዲሞላ ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሰው። ይህን ማንኛውም ጠንቃቃ ሥራ አስኪያጅ በግማሽ ቀን ያዘጋጀዋል። ነገር ግን ወረቀቱ ቢኖርም ያቺ ነርስ ልትፈራ ትችል ነበር። «ነገ ማን ይመሰክርልኛል?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ቅጽ የለምና። መልሱ ከረጅም ጊዜ በፊት የሚሰጥ ነው፤ ሠራተኛ በቅንነት ሠርቶ ሲሳሳት አለቃው ከጎኑ መቆሙን ካየ፣ በሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት ለመወሰን ድፍረት ያገኛል። መሪነት የምንለው ይህን እምነት ነው። ስለዚህ የመሪነት ትክክለኛ መለኪያ አለቃው በሌለበት ሰዓት ሠራተኛው የሚያደርገው ነገር ነው እንላለን።

4. የውሃ አባት

ይህ አሳብ ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳይመስለን፣ ገበሬው ከማንኛውም ማኔጅመንት ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ምሳሌ እንጨምር። የሮቢና የጀውሃ ወንዞች የሚያጠጡት የይፋት ቆላ መስኖ የለመደ አገር ነው። በአማራ ክልል ባሉ ብዙ ባህላዊ መስኖዎች ውሃውን የሚያከፋፍለው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። የሚመርጡትም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የውሃ አባት ሥራው በአንድ ወገን ፍጹም የአስተዳደር ሥራ ነው። ቦዩ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፤ ለጠረጋው ያልወጣውን ይመዘግባል፤ ተራ ያወጣል፤ ተራውን ያፈረሰ መቀጫ እንዲከፍል ያደርጋል። ይህን ካላደረገ የላይኛው ገበሬ ጠጥቶ የታችኛው ይደርቃል። በሌላ ወገን ግን መቀጫ ብቻውን ቦይ አይጠብቅም። በእኩለ ሌሊት ተራው የደረሰ ገበሬ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ተራው ያልደረሰውም የጎረቤቱን ቦይ በጨለማ ሳይሰብር ሲያድር፣ የሚያስገድደው የተራው ዝርዝር ሳይሆን በውሃ አባቱ ፍትሐዊነት ላይ ያለው እምነት ነው።

ወንዙ የቀነሰ ዕለት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ውሃ በሞላ ጊዜ ተራ መቁጠር ይበቃል። በጋው ሲበረታና ውሃው ለሁሉ የማይደርስ ሲሆን ግን የተለመደው ተራ ራሱ መለወጥ ይኖርበታል፤ ሊደርስ የተቃረበው ሽንኩርት ይቅደም ወይስ ገና የተተከለው? ይህን በድፍረት ወስኖ ሁሉን ማሳመን የሚችለው ከዚያ በፊት የራሱን ማሳ አስቀድሞ ያላጠጣ ሰው ብቻ ነው። ገበሬው ይህን ሰው «ሹም» ሳይል «አባት» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

5. ከአገራችን ትልልቅ ተቋማት አንዱ

በአንድ ቦይ ላይ የሚታየው ነገር በትልቅ ድርጅትም ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የሚያካሂዱት በውል የመጡት የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ሰዎች ነበሩ። የጥገና ሥርዓት፣ የበረራ መመሪያ፣ የባለሙያ ማሠልጠኛ በእነዚያ ዓመታት ተገነባ። ይህ ሁሉ የማኔጅመንት ሥራ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም ከሥር ሆነው ተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ድርጅቱ በኪሳራ አፋፍ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ ሲሾሙ መመሪያዎቹና ማሠልጠኛው በቦታቸው ነበሩ፤ የጎደለው አቅጣጫና ነጻነት ነበር። አየር መንገዱ በንግድ ሥርዓት እንዲሠራ መንግሥትን አሳመኑ፤ ድርጅቱም ወደ ትርፍ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን ለመረከብ በቃ። መሪው የተለየ አቅጣጫ ማሳየት የቻለው ከእርሱ በፊት ሌሎች በትዕግሥት ያደራጁት ሥርዓት ስለ ነበረ ነው። አብራሪው የሚያምነው የጥገና መዝገብ ባይኖር ኖሮ ምንም ዓይነት ራእይ አውሮፕላን አያስነሣም ነበር።

6. በፈተና ጊዜ

ሁለቱ ኃላፊነቶች ምን ያህል እንደሚፈላለጉ የይፋትና የጣርማ በር ሰው በመከራ ተምሮታል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ብዙው ሰው ቤቱን ትቶ ተሰደደ፤ በሰሜን ሸዋም ብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ተጎዱም። ከስደት የተመለሰ ሠራተኛ መዝገብ በሌለበት፣ ወንበር በሌለበት ቢሮ በር ላይ ሲቆም ማኔጅመንት የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የሚቆጠርም የሚቆጣጠሩትም የለምና። በእንዲህ ያለ ቀን የሚያስፈልገው መጀመሪያ በሩ ላይ የሚገኝ፣ የመጣውን በስሙ የሚጠራ፣ ያልመጣውን የት እንዳለ የሚጠይቅ፣ «ከዚህ እንጀምር» የሚል ሰው ነው። ይህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ኃላፊው ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን መነሣሣቱ ዕድሜ እንዲኖረው ሥርዓት ቶሎ ሊከተለው ይገባል። የቀረው ዕቃ ካልተመዘገበ፣ የተሰጠው እርዳታ ለማን እንደ ደረሰ ካልተጻፈ፣ የቆመው ደመወዝ ካልተጠየቀ፣ በመጀመሪያው ቀን አብረው ድንጋይ ያነሡ ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርስ በርሳቸው መጠራጠር ይጀምራሉ።

7. ለኃላፊዎች የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን በሥራ ላይ ላሉ አንባቢዎቻችን ጥቂት ተግባራዊ አሳቦች እናቀርባለን።

ሀ. ሥራን በሁለት መዝገብ እንየው። በአንዱ በዚህ ሳምንት ሳይቋረጥ ሊሄድ የሚገባውን፣ ማለትም ክፍያን፣ ግዢን፣ ሪፖርትን፣ ጥገናን እንጻፍ። በሌላው በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ልንነጋገር፣ ለማን ምክንያቱን ልናስረዳ፣ ማንን ልናበረታታ እንደሚገባን እንጻፍ። አንደኛው ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ድካማችን የት እንዳለ ይታወቃል።

ለ. ትእዛዝ ስንሰጥ ምክንያቱን አብረን እንስጥ። «ይህ ቅጽ እስከ ዓርብ ይሞላ» ማለት ሥራን ማስኬድ ነው፤ «ካልተሞላ በወባ ወራት መድኃኒት አይኖረንም» ብሎ መጨመር መምራት ነው። የሚጠይቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ሐ. በቅንነት የተሳሳተውንና በቸልታ ያጠፋውን እንለይ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አለቃ ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ትእዛዝ እንዲጠብቅ ያስተምረዋል።

መ. ሁለቱን ስጦታ በአንድ ሰው ላይ ካላገኘን አንዘን። ሰው የሚወደው፣ ግን ወረቀት የሚያስመርረው ርእሰ መምህር ጠንቃቃ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሹም ከጎኑ ያስቀምጥ፤ ምክሩንም ይስማ። ጠንቃቃው ኃላፊም ሠራተኛው የሚያምነውን ሰው ያማክር። ጉድለትን ማወቅ ከጉድለቱ ግማሹን ያቃልላል።

ሠ. ከሥራ ቦታችን ለጥቂት ቀን ስንርቅ ቁልፉን ለማን እንደ ሰጠን፣ ያም ሰው በቁልፉ ለመጠቀም ይደፍር እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

ማጠቃለያ

ከጣርማ በር የሚወርደው ሹፌር መሪውንና ፍሬኑን አያወዳድርም፤ ሁለቱም እንዲሠሩለት ይፈልጋል እንጂ። እኛም መሪነትንና ሥራ አስኪያጅነትን ለይተን የምናውቀው አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ለማድረግ ሳይሆን፣ የትኛውን እንደ ጎደልን ለማወቅ ነው። የጎደለውን ዋጋ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ኃላፊው አይደለም፤ በሌሊት ሕፃን ታቅፋ የምትመጣው እናት ናት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምንሠራበት ቦታ «አመራር» የሚለው ቃል ለሰው ነው ወይስ ለተግባር የሚነገረው?
2. እንደዚያች ነርስ «ነገ ማን ይመሰክርልኛል?» ብለን መሥራት ያለብንን ሥራ የተውንበት ጊዜ አለን? የሚመሰክርልን ሰው ቢኖር ምን እናደርግ ነበር?
3. ከእኛ በታች የሚሠሩ ሰዎች እኛ በሌለንበት ጊዜ በራሳቸው ሊወስኑት የሚችሉትን ነገር በጽሑፍ ያውቃሉን?
4. በአካባቢያችን እንደ የውሃ አባት ያለ፣ ከአያቶቻችን የተረከብነው የኃላፊነት ምሳሌ አለን? ለመሥሪያ ቤታችን ምን ያስተምረናል?